የከዋክብት መውጣትና መውደቅ
ስለ ዝና የተሠሩ የቀድሞ ፊልሞች ታሪክ

ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት በሚጻፍበት በዚህ የታሪክ ገጽ ላይ ስለ ሲኒማ ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንድ አንባብያንን ሳያስገርም አይቀርም። ከሲኒማም ውስጥ የመረጥነው ሊቃውንት የሚያመሰግኑትን ሳይሆን እንባ የሚያስፈስሰውንና ነገርን ሁሉ የሚያጋንነውን ዐይነት ነው። ይኸውም አንዲት ድኻ ልጅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስሟ በዓለም ሲናኝ፣ አንድ ስመ ጥር ሰው ደግሞ በመጠጥ ሲዋረድ የሚያሳየው ፊልም ነው። ይህን ዐይነት ፊልም ብዙ ሰው ይወደዋል፤ መውደዱን ግን በግልጽ አይናገርም። እኛም ተማሪዎቹ ከዚሁ ወገን ነን። የምትወዱት ፊልም የትኛው ነው ተብለን ስንጠየቅ የቁም ነገሩን እንጠራለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን የምናየው ግን ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ደስ እያሰኘ የሚያሳፍር ከሆነ ምክንያቱን መመርመር ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ደግሞም እነዚህ ፊልሞች ተረት ብቻ አይደሉም። በውስጣቸው የሥራና የገንዘብ፣ የውልና የፍርድ ቤት፣ በእውነት የኖሩም ሰዎች ታሪክ አለ። ስለዚህ ዝና በሲኒማ ውስጥ እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ ሲኒማም ስለ ዝና ምን እንደ ነገረን፣ በመጨረሻም እኛ ተመልካቾቹ በዚህ ነገር ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለን በየተራ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ዝና እንዴት እንደ ተጀመረ

ሉሚዬር የሚባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማች በ1895 በፓሪስ ከተማ ፊልም ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ ለብዙ ዓመት ያህል በፊልም ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ስም አይታወቅም ነበር። በአሜሪካን አገር የነበሩት ኩባንያዎች የተዋንያንን ስም በሸራው ላይ አይጽፉም ነበር፤ ስማቸው ከታወቀ ደመወዝ ይጨመርልን ይላሉ የሚል ሥጋት ነበራቸውና። ሕዝቡ ግን ፊትን አይረሳም። ባዮግራፍ ለሚባለው ኩባንያ ትሠራ የነበረችውን ፍሎረንስ ሎረንስን፣ ስሟን ስላላወቀ፣ «የባዮግራፍ ልጅ» እያለ ይጠራት ጀመር።

ካርል ሌምለ የሚባል ሌላ የፊልም ነጋዴ ይህችን ተዋናይት ወደ ራሱ ኩባንያ ወሰዳት። በ1910 መጀመሪያ ላይም በከተማ ባቡር አደጋ ሞተች የሚል ወሬ ተነዛ። ሌምለ ወሬው ሐሰት መሆኑን፣ ተዋናዪቱም በሕይወት ያለች መሆኗን በማስታወቂያ አወጣ፤ ስሟንም ከአዲሱ ኩባንያዋ ስም ጋራ አያይዞ አስታወቀ። ወሬውን በመጀመሪያ ያስነዛው ራሱ ሌምለ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሴንት ሉዊስ በምትባለው ከተማ በተገኘች ጊዜ ሊያያት የወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ የሲኒማ ከዋክብት አንዲቱ የተወለደችው በሐሰተኛ የሞት ወሬ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህች ሴት መጨረሻ ከማናቸውም የተጋነነ ፊልም የባሰ ነው። ፊልም ስትሠራ በደረሰ የእሳት አደጋ ተጎዳች፤ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ረሳት። በ1930ዎቹ ጥቃቅን የሆኑ፣ ማንም ልብ የማይላቸውን ቦታዎች እየተቀበለች ትሠራ ነበር። በ1938 ሕይወቷ በገዛ እጅዋ አለፈ። በመቃብሯ ላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ የተደረገላት በ1991፣ ይኸውም ከሞተች ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ተዋናይ በስሙ እንዲታወቅ መንገድ ከከፈቱት አንዲቱ የሆነችው ይህች ሴት ግን ይህን ያህል ዘመን በመቃብሯ ላይ እንኳ ስም አልነበራትም።

ከእርሷ በኋላ ዝና እንደ ማናቸውም ዕቃ በፋብሪካ የሚሠራ ሆነ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሆሊውድ ታላላቅ ኩባንያዎች ተዋንያንን እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ውል ያስሩ ነበር። ስም ይለውጡላቸዋል፤ ጠጕራቸውን፣ ጥርሳቸውን፣ አነጋገራቸውንም ያስተካክሉላቸዋል፤ ስለ ኑሯቸው ለመጽሔት የሚሆን ወሬ እያዘጋጁ ያወጡላቸዋል። አንድ ተዋናይ የተሰጠውን ሥራ አልሠራም ቢል ከደመወዝ ይታገዳል፤ የታገደበትም ጊዜ በውሉ ዘመን ላይ ይጨመርበታል። በዚህ ልማድ ላይ ድል የተቀዳጀችው ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ የምትባል ተዋናይት ናት። ዋርነር ብራዘርስ የተባለውን ኩባንያ ከስሳ በ1944 በካሊፎርኒያ የይግባኝ ፍርድ ቤት ረታች፤ 7 ዓመት ማለት በቀን መቍጠሪያ የሚቈጠር 7 ዓመት ነው ተብሎ ተፈረደላት።

በዚህ መካከል ሌላ ትልቅ ለውጥ መጥቶ ነበር። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ንግግርና ዘፈን የሚሰማበት ፊልም ከታየ በኋላ ድምፅ የሌለው ፊልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀረ። ከእርሱም ጋራ ብዙ ስመ ጥር ሰዎች አብረው ቀሩ። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ብለዋል፤ እነዚህ ግን ሲሾሙም በልተው ሲሻሩም የተቈጩ ናቸው። ስለ ዝና የሚያስለቅሰው ፊልም የበቀለው ከዚህ ቍስል ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች

በ1932 «ዋት ፕራይስ ሆሊውድ» የሚል ፊልም ወጣ፤ የሆሊውድ ዋጋው ስንት ነው እንደ ማለት ነው። ዲሬክተሩ ጆርጅ ኪዩከር፣ ሥራውን በበላይነት የመራው ዴቪድ ሴልዝኒክ ነበሩ። ኮንስታንስ ቤኔት የምግብ ቤት አሳላፊ ሆና ትሠራለች፤ አንድ መጠጥ ወዳድ የፊልም ዲሬክተር አይቷት ለትልቅ ደረጃ ያበቃታል። እርሷ ስትወጣ እርሱ ይወርዳል፤ በመጨረሻም በገዛ እጁ ይሞታል። ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ የሄዱት ፊልሞች ሁሉ መሠረታቸው እዚህ ላይ ይገኛል።

ይኸው ሴልዝኒክ በ1937 «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» የተባለውን በቀለም የተነሣ ፊልም አወጣ፤ በአማርኛ «ኮከብ ተወለደች» ልንለው እንችላለን። ዲሬክተሩ ዊልያም ዌልማን ነው። አስቴር ብሎጀት የምትባል የገጠር ልጅ አያቷ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሰጥታት ወደ ሆሊውድ ትሄዳለች። ኖርማን ሜይን የተባለው ስመ ጥር ተዋናይ ይወዳታል፤ ሥራም ያስገኝላታል። ኩባንያው ስሟን ቪኪ ሌስተር ብሎ ይለውጠዋል። ከተጋቡ በኋላ የእርሷ ስም ከፍ እያለ፣ የእርሱ ስም እየወረደ ይሄዳል። እርሷ የኦስካር ሽልማት በተቀበለችበት ሌሊት ሰክሮ ይመጣና በሕዝብ ፊት ንግግሯን ያቋርጣታል፤ እጁንም ሲያወናጭፍ ሳያስበው ፊቷን ይመታታል። በኋላም ለእርሷ ዕንቅፋት ላለመሆን ብሎ ወደ ባሕር ገብቶ ይሞታል።

አስቴር ሆና የሠራችው ጃኔት ጌይነር ለተዋናይት የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት በ1929 ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለች ናት። ኖርማን የሆነው ደግሞ ፍሬድሪክ ማርች ነው። ፊልሙ ለ7 ሽልማቶች ታጭቶ በድርሰቱ አንድ አገኘ፤ ለቀለም ሥዕሉም ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ሆሊውድ የራሱን ጭካኔ በሸራ ላይ አሳይቶ፣ ከዚያም ላሳየበት ለራሱ ሽልማት መስጠቱ ነው። ነጋዴው ቍስሉን ራሱ ያቈስላል፤ ቍስሉንም ሥሎ ይሸጣል። እኛም ገንዘብ ከፍለን እናየዋለን።

የ1950 ሁለት ፊልሞች

በ1948 የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ሲኒማ ቤቶችንም አብረው ይዘው ንግዱን መቈጣጠራቸው ሕግን የሚቃረን መሆኑን ፈረደ። በዚያው ዘመን ቴሌቪዥን በየቤቱ ይገባ ጀመር። የፋብሪካው ምሰሶ ተነቃነቀ። ሆሊውድም ስለ እርጅናውና ስለ ሞቱ ማሰብ የጀመረው በዚህ ጊዜ ይመስላል፤ በ1950 ሁለት የማይረሱ ፊልሞች በአንድ ዓመት ወጡና።

የመጀመሪያው ቢሊ ዋይልደር ያዘጋጀው «ሰንሴት ቡሌቫርድ» ነው። ታሪኩን የሚናገረው በመዋኛ ገንዳ ላይ ተንሳፎ የሚታይ የሞተ ሰው ነው። ኖርማ ዴዝሞንድ የተባለች በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ገናና የነበረች ተዋናይት በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ተዘግታ፣ ሕዝቡ ዛሬም ይጠብቀኛል እያለች ትኖራለች። በየጊዜው የአድናቂዎች ደብዳቤ ይደርሳታል። ደብዳቤዎቹን የሚጽፈው ግን በአንድ ወቅት ባሏና ዲሬክተሯ የነበረው፣ አሁን አሽከሯ የሆነው ማክስ ነው። ከፊልሙ ሁሉ ይልቅ እኛን ያሳዘነን ይህ ነው።

ዋይልደር እውነትንና ተረትን ሆን ብሎ ቀላቅሏል። ኖርማን የሠራችው ግሎሪያ ስዋንሰን በእውነትም በ1920ዎቹ ከነበሩት ታላላቅ ከዋክብት አንዲቱ ነበረች። አሽከሩን የሠራው ኤሪክ ፎን ስትሮሃይም በእውነትም ዲሬክተሯ የነበረ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ኖርማ የምታየው አሮጌ ፊልም ሁለቱ አብረው የጀመሩት «ክዊን ኬሊ» ነው። ባስተር ኪተን የተባለው ታላቅ አሥቂኝ ራሱን ሆኖ ካርታ ሲጫወት ይታያል። የኤም ጂ ኤም ኩባንያ አለቃ ሉዊስ ሜየር ፊልሙን አይቶ፣ ያበላህን እጅ ነከስህ ብሎ ዋይልደርን እንደ ተቈጣው ይነገራል። ስዋንሰን ግን እንደ ኖርማ አልሆነችም። በመድረክና በቴሌቪዥን እየሠራች ኖራ በ1983 ዐረፈች። ፊልሙ ያበደች አድርጎ ያሳያት ሴት በእውነተኛ ኑሮዋ ጤነኛና ሥራ ወዳድ ነበረች። ተጋናኝ ፊልምን እንደ ምስክር ቃል አድርጎ መቀበል የማይገባ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ጆሴፍ ማንኪዊትዝ የደረሰውና ያዘጋጀው «ኦል አባውት ኢቭ» ነው። ቤቲ ዴቪስ ዕድሜዋ 40 የሞላ የቴያትር ተዋናይት ሆና ትሠራለች። ኢቭ የምትባል ትሑት መስላ የቀረበች ወጣት አገልጋይዋ ትሆንና ቀስ በቀስ ቦታዋን ትወስዳለች። በመጨረሻ ኢቭ ራሷ ሽልማት ባገኘችበት ሌሊት ሌላ ልጅ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ የኢቭን ካባ ለብሳ፣ ሽልማቱን ይዛ በመስተዋቶች ፊት ትቆማለች፤ መልኳም በመስተዋቶቹ ውስጥ እየተባዛ መጨረሻ የሌለው ሰልፍ ይመስላል። ይህ ፊልም ለ14 ኦስካር ታጭቶ 6 አገኘ። ዴቪስና ስዋንሰን ሁለቱም ለተዋናይት ሽልማት ታጭተው ነበር፤ የወሰደችው ግን ጁዲ ሆሊደይ ናት።

ጁዲ ጋርላንድ

በ1954 «ኮከብ ተወለደች» ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዘፈን ተሠራ። ዲሬክተሩ የ1932ቱን ፊልም የሠራው ኪዩከር ነበር። ሚስቲቱ ጁዲ ጋርላንድ፣ ባልየው ጄምስ ሜሰን ነበሩ። ከሁሉም በላይ የምንወደው ይህን ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበንም ይኸው ነው።

ጋርላንድ የተወለደችው በ1922 ሲሆን የትውልድ ስሟ ፍራንሲስ ጋም ነው። ገና በ13 ዓመቷ፣ ማለት በእኛ ዕድሜ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ በኤም ጂ ኤም ኩባንያ ተቀጠረች። እንዳትወፍር ይቈጣጠሯት፣ ሥራው እንዳይቋረጥ የሚያነቃ ክኒን፣ ሌሊት ደግሞ የሚያስተኛ ክኒን ይሰጧት እንደ ነበር ራሷ በኋላ ተናግራለች። በ1950 ከኩባንያው ተለየች። የ1954ቱ ፊልም ወደ ሥራዋ የተመለሰችበት ታላቅ ዕድል ነበር። ነገር ግን ታሪኩን ስናይ አንድ ነገር ተገልብጦ እናገኘዋለን፤ በፊልሙ ውስጥ በሱስ የሚጠፋው ባልየው ነው፤ ካሜራው ፊት ቆማ የምታጽናናው ግን በእውነተኛ ኑሮዋ ያን ሥቃይ የምታውቀው እርሷ ነበረች።

ፊልሙ መጀመሪያ ሲታይ 181 ደቂቃ ነበር። ኩባንያው ግን በቀን ብዙ ጊዜ እንዲታይ ብሎ ወደ 154 ደቂቃ ቈረጠው። የተቈረጠው ክፍል ከፊሉ ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። በ1983 ፊልሙ ሲታደስ ድምፁ ተገኝቶ ሥዕሉ በጠፋበት ቦታ ላይ ቋሚ ፎቶግራፎች ተተኩበት። ዛሬ የምናየው ይህን ነው፤ ተዋንያኑ በድንገት እንደ ሐውልት ይቆማሉ፤ ድምፃቸው ግን ይናገራል።

በ1955 የኦስካር ሽልማት በሚሰጥበት ጊዜ ጋርላንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ታሸንፋለች ተብሎ ስለ ታሰበ የቴሌቪዥን ሠራተኞች መሣሪያቸውን ይዘው እስከ አልጋዋ ድረስ መጥተው ነበር። የግሬስ ኬሊ ስም ሲጠራ መሣሪያውን ነቅለው ሄዱ። ፊልሙ ለ6 ሽልማት ታጭቶ አንድም አላገኘም። ጋርላንድ በ1969፣ በ47 ዓመቷ፣ በለንደን ከተማ የእንቅልፍ መድኃኒት ሳታስበው አብዝታ በመውሰዷ ሞተች።

ከህንድ አገር

ይህ ታሪክ የአሜሪካን ብቻ አይደለም። በ1959 ጉሩ ዱት የተባለው ህንዳዊ ዲሬክተር «ካጋዝ ኬ ፉል»፣ ማለት «የወረቀት አበቦች»፣ የተባለውን ፊልም አወጣ። በህንድ አገር በሲኒማስኮፕ ሰፊ ሸራ የተሠራ የመጀመሪያው ፊልም ነው። አንድ ታላቅ ዲሬክተር አንዲት ወጣት ለዝና ያበቃል፤ ሐሜትና መጠጥ ይጥሉታል፤ በመጨረሻም ባዶ በሆነው ስቱዲዮ ውስጥ በዲሬክተር ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ይሞታል። ዲሬክተሩን ሆኖ የሠራው ራሱ ጉሩ ዱት፣ ወጣቷን ሆና የሠራችው ዋሂዳ ረህማን ናት። ፊልሙ ገበያ አጣ፤ ጉሩ ዱትም ከዚያ በኋላ በስሙ ሌላ ፊልም ሳያዘጋጅ በ1964፣ በ39 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ግን ከህንድ ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

የህንድ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ምን ያህል ይወደድ እንደ ነበር ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ስለዚህ በ1973 የወጣውን «አቢማን» የተባለውን ፊልም አንረሳም። ባልና ሚስት ሁለቱም ዘፋኞች ናቸው፤ የሚስቱ ድምፅ ከእርሱ ይልቅ ሲወደድ ባልየው ይቀናል፤ ይለያያሉም። ነገር ግን ማንም ወደ ባሕር አይገባም፤ በመጨረሻ ታርቀው አብረው ይዘፍናሉ። ያው ታሪክ ሌላ መጨረሻ ሊኖረው እንደሚችል ይህ ፊልም ያስረዳል።

በአሜሪካን አገር ግን መጨረሻው አልተለወጠም። በ1976 ባርብራ ስትራይሳንድና ክሪስ ክሪስቶፈርሰን፣ በ2018 ደግሞ ሌዲ ጋጋና ብራድሊ ኩፐር «ኮከብ ተወለደች»ን እንደ ገና ሠሩት። በሁለቱም ጊዜ ታሪኩ ከፊልም ተዋንያን ወደ ዘፋኞች ተዛወረ፤ ሁለቱም በዘፈናቸው ኦስካር አገኙ። በሁለቱም ባልየው ይሞታል።

ስለምን እንወዳቸዋለን?

እንግዲህ መጨረሻውን እያወቅነው ስለምን ደጋግመን እናያለን? በመካከላችን ተከራክረንበት ሦስት ምክንያት አግኝተናል።

አንደኛው ግልጽነታቸው ነው። በኑሮ ውስጥ ሰው ሐዘኑን ይውጣል፤ በእነዚህ ፊልሞች ግን ሰው የተሰማውን በሙዚቃ ታጅቦ ይናገረዋል፤ መስተዋት ይሰበራል፤ በር ይደበደባል። ማጋነን ነው፤ ግን እውነቱን አጉልቶ እንደሚያሳይ መነጽር ያለ ማጋነን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለመናገር ያስቸግራል። ከፍ ያለ ሰው ሲወድቅ ማየት ከታች ያለውን ያጽናናል። ዝና የሌለን እኛ፣ ዝና ይህን ያህል መራራ ከሆነስ ቢቀርብን ይሻላል እያልን ረክተን እንወጣለን። የሚያሳፍረን ደስታ ይህ ነው። በአገራችንም ይህ ስሜት አዲስ አይደለም። አዝማሪው በየግብዣው ይጠራል፣ ይደመጣል፣ ይሸለማል፤ የግብዣው ጌታ ግን ልጁን ለአዝማሪ አይድርም ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በአዲስ አበባ ፊልም የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው ነበር። ወድዶ ማየትና አይቶ መንቀፍ አብረው የኖሩ ናቸው።

ሦስተኛው ፍቅር ነው። ኖርማን ሜይን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚስቱን ችሎታ ከሁሉ በፊት ያየ እርሱ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ግን ከመካከላችን ያሉት ሴቶች ልጆች ጠንካራ ጥያቄ አንሥተዋል። ሴቲቱ በሥራዋ ከፍ ባለች ቍጥር ባልየው የሚሞተው ስለምንድን ነው? ይህ ታሪክ ለሴት ልጅ፣ ብትማሪና ብትበልጪ ቤትሽ ይፈርሳል የሚል ምክር አይሰጥም ወይ? አሉ። ወንዶቹ፣ ባልየውን የገደለው መጠጥ እንጂ የሚስቱ ዝና አይደለም ብለው መለሱ። ሴቶቹም፣ እንዲያ ከሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ሚስቲቱ ሳታዝን ለምን አትከብርም? አሉ። ክርክሩ ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ አላለቀም።

ለዚህም ክርክር ማስረጃ የሆነው የ1937ቱና የ1954ቱ ፊልም መጨረሻ ነው። ሴቲቱ ከባሏ ሞት በኋላ በሕዝብ ፊት ቆማ፣ በዝና ስሟ ሳይሆን በባሏ ስም፣ የኖርማን ሜይን ሚስት ነኝ ብላ ራሷን ታስተዋውቃለች። ሕዝቡም ያጨበጭባል፤ ተመልካቹም ያለቅሳል። በአገራችን ግን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ እናቶቻችን ሁሉ ዛሬም በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ ያ ንግግር ለእኛ ሌላ ሆኖ ይሰማናል። ኩባንያው አንድ ጊዜ ስሟን ወሰደ፤ ሐዘኑ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ወሰደው። አያቷ የምታውቃት አስቴር ብሎጀት የት ደረሰች? ብለን እንጠይቃለን። እንባችን ግን አልቀረም፤ እያለቀስን መጠየቅ ይቻላልና።

መደምደሚያ

ወላጆቻችን ይህን ዐይነት ፊልም ማየታችን ጊዜ ማባከን እንዳይሆን ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። በተለይ ዛሬ ማንም ልጅ በእጅ ስልኩ በአንድ ቀን ሊታወቅ፣ በማግሥቱም ሊረሳ ወይም ሊሰደብ በሚችልበት ጊዜ፣ የፋብሪካው በር በየኪሳችን ተከፍቷል። በድሮ ጊዜ ሕፃንን ለዝና የሚያሠለጥነው ኩባንያ ነበር፤ አሁን ልጁ ራሱ ሠራተኛም፣ ሻጭም፣ ዕቃም ሆኖ ይገኛል። እነዚህ አሮጌ ፊልሞች የሚጠቅሙን ስለዚህ ነው። ኖርማ ዴዝሞንድ ደብዳቤውን የጻፈላት ማን እንደ ሆነ ያየ ልጅ፣ ጭብጨባ ሲሰማ የሚያጨበጭበው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ይማራል።

እኛ ፊልሞቹን ማየት እንተዋለን አንልም። ነገር ግን በሸራው ላይ የወደቀው ሰው ተረት ቢሆንም የሠራው ሰው ተረት እንዳልሆነ እያሰብን ማየት ይገባናል። የቴሌቪዥን ሠራተኞች መሣሪያቸውን ነቅለው ሲወጡ ጁዲ ጋርላንድ አልጋው ላይ ቀርታለች። ፍሎረንስ ሎረንስም ስሟ የተጻፈበትን ድንጋይ ለማግኘት 53 ዓመት ጠብቃለች። ያወደስነውን ሰው ሲደክመው አለመርሳት የማንኛውም አጨብጫቢ ዕዳ ነው፤ ይህም በሲኒማ ብቻ ሳይሆን በክፍላችን፣ በስፖርት ሜዳችንና በትምህርት ቤታችን የበዓል መድረክ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ትናንት በሩጫ አንደኛ የወጣው ጓደኛችን ዘንድሮ እግሩን ታሞ ቢቀመጥ፣ ዐምና በቴያትራችን ያስለቀሰችን ልጅ ዘንድሮ ድምፅዋ ቢዘጋ፣ ሄደን መጠየቅ አለብን።